«የውሂብ ዝውውር ይፈቀድ?»

በቀደም አክስቴ ከአዲስ አበባ በቶሮንቶ በኩል ሲመጡ ልቀበላቸው ካልጋሪ ኢንተርናሽናል አየር ማረፊያ ሄጄ ነበር። አውሮፕላኑ ካረፈ አንድ ሰዓት ቢያልፍም በቴሌግራም ስደውል አይጠራም። በመጨረሻ በማላውቀው ቁጥር ተደወለልኝ፤ የሰው ስልክ ለምነው ነው። የሮሚንግ ጥቅል እኮ ከአገር ቤት ሳይነሱ ገዝተዋል!

«እትዬ፣ ስልኩ ምን አለዎት?»

«‹የውሂብ ዝውውር ይፈቀድ?› አለኝ። አይፈቀድም አልኩታ! ዝውውር ሲባል እኔ በሬዲዮ የምሰማው ሕገወጡን ነው።»

ሳቅን። ግን ስህተቱ የእሳቸው ነው?

«ውሂብ» በበኩሉ የተጠና ቃል ነው። ግዕዙ «ወሀበ» ሰጠ ማለት ነው፤ የ«ዳታ» የላቲን ሥሩም «የተሰጠ» ነው። ችግሩ ካርድ የሚሞላው ሰው ሁሉ «ዳታ» ማለቱ ነው። «ዝውውር» ግን ከዚህ ይብሳል። መምህር ይዛወራል፣ ኳስ ተጫዋች ይዛወራል፤ ሁለቱም የቀድሞ ቤታቸውን ለቀው ነው። በሮሚንግ ጊዜ የሚሆነው ተቃራኒው ነው።

ሲም ካርዱ ውስጥ ያለው የደንበኛ መለያ የሚጀምረው በኢትዮጵያ ኮድ በ636 ነው። ካልጋሪ ላይ ያለው አንቴና ደግሞ የካናዳን 302 ያሰማል። ስልኩ ልግባ ሲል የካናዳው ኔትወርክ 636ን አይቶ አገር ቤት ያለውን ኔትወርክ «ይህ ደንበኛህ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። አዎ ከተባለ ስልኩን በጊዜያዊነት ይመዘግበዋል። ይህ መዝገብ በጂኤስኤም ደረጃ ውስጥ ስሙ ራሱ «የእንግዶች መዝገብ» ነው። ሂሳቡ የሚመጣው ግን ከአገር ቤት ነው። አማርኛ ለዚህ «እንግድነት» የሚል ቃል እያለው «ዝውውር» ምን ሊያደርግለት?

ተርጓሚውንም አልወቅስም። ብዙ ጊዜ የሚደርሰው በሠንጠረዥ የተደረደረ ነጠላ ቃል ነው፤ ቃሉ የት ማያ ገጽ ላይ እንደሚወጣ አያይም። ስለዚህ አፕ የምትሠሩ ልጆች፣ ለተርጓሚው የማያ ገጹን ፎቶ አብራችሁ ላኩለት። «ሮሚንግ» የሚለው ስም ይቆይ፣ አልጣላውም። ጥያቄው ግን እንዲህ ቢሆንስ፦ «በካናዳ ኔትወርክ በእንግድነት ኢንተርኔት ልጠቀም? ተጨማሪ ክፍያ ሊኖረው ይችላል።» ይረዝማል፤ ቢረዝምም ቦታ አለው።

አክስቴ ከዚያ ቀን ወዲህ ስልካቸውን በእንግሊዝኛ አድርገውታል። እንግሊዝኛ አያነቡም፤ በምልክቶቹ ነው የሚሄዱት።