አበባና ውኃ በወደራ

ዛሬ የማወጋችሁ ስለ ግጥም ሳይሆን ስለ አበባ ነው። ሁለቱ ዘመዳሞች ይሁኑ አይሁኑ እናንተ ትፈርዳላችሁ።

እኔ የሰው ገንዘብ ስቆጥር የምውል የባንክ ሠራተኛ ነኝ። ከክብረ መንግሥት ወደ ነገሌ ቦረና በሚወስደው መንገድ ላይ ወደምትገኘው ወደራ በዝውውር ስመጣ፣ ጠረጴዛዬ ላይ የጠበቀኝ አንድ የፕላስቲክ ጽጌረዳ ነበር። አቧራ እንጂ ንብ የማያርፍበት፣ በመስከረምም በየካቲትም ያው ቀይ! እኔ ግን ያደግሁት በመስከረም ሜዳው ሁሉ አደይ አበባ በሚለብስበት በሸዋ ደጋ ነው። አደይ በየዓመቱ ከዘር በቅላ፣ አብባ፣ ዘሯን በትና ትሞታለች። ለእንቁጣጣሽ እቅፍና ለደመራ ጌጥ የበቃችው ግን ተቆርጣ ነው።

ይህን እያሰብኩ በተከራየሁት ቤት አጥር ሥር ዕድሜያቸው ከአንድ ወቅት የማያልፍ አበቦች ዘራሁ። ለእርጥብ እቅፍ ዚኒያና የሱፍ አበባ፣ ለማድረቅ ደግሞ እንደ ትንሽ ኳስ የከበበ ሐምራዊ ራስ ያላትን ጎምፍሬናን። ጠዋት ጠዋት በጆግ ውኃ አጠጣቸው ነበር።

ከዚያ ድርቁ መጣ። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በቦረናና በጉጂ ቆላዎች የዝናብ ወቅቶች አምስት ጊዜ ተከታትለው ከሸፉ። ጉጂዎች «ገና» የሚሉት ከመጋቢት እስከ ግንቦት የሚዘንበው ዋናው ዝናብም፣ «ሐጋያ» የሚሉት የመጸው ወራቱ አጭር ዝናብም ቀረ። ከብት በየመንገዱ ወደቀ። አንድ ቀን ከቀሯቸው ላሞች አንዷን ሸጠው ገንዘቡን ሊያስቀምጡ የመጡ አዛውንት ደንበኛችን፣ ማምሻውን በደጄ ሲያልፉ ውኃ ሳጠጣ አገኙኝ። ቆም ብለው አዩና፣ «ልጄ፣ ይህን ውኃ ላም ብትጠጣው ምን ይልሃል?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። በማግሥቱ መደቡን ነቅዬ ጣልኩት። ግጥም መጻፍም ለወራት አስጠላኝ። የሰው ጉሮሮ በደረቀበት አገር ስለ ውበት ማውራት ምን ይሉታል?

ዝናቡ በ2015 ዓ.ም. መጋቢት ላይ ሲመለስ እኒያ አዛውንት ባንክ መጡ። ደብተራቸውን እያቀበሉኝ፣ «አበባህስ?» አሉ። መንቀሌን ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ፤ «እኔ የጠየቅሁህ ስለ ውኃው ነው እንጂ አበባውን መች ጠላሁት?»

ይህች ቃል ናት ይህን ጽሑፍ ያስጻፈችኝ። የእኔ አቋም እንዲህ ነው፦ በደረቅ አገር አበባ መትከል ኃጢአት አይደለም፤ ከሰውና ከከብት አፍ በተነጠቀ ውኃ መትከል ግን ነው። ዛሬ የምዘራው «ገና» መሬቱን ካራሰ በኋላ ብቻ ነው። ዝናቡ ሲያቋርጥ ልብስ የታለቀለቀበትን ውኃ እሰጣቸዋለሁ፤ ያም ሲያጥር ይደርቃሉ፣ እኔም እተዋቸዋለሁ። ዚኒያ ከተዘራች በሁለት ወር ገደማ ታብባለች። ለመቆረጥ መድረሷን ለማወቅ ከአበባው አንድ ስንዝር ዝቅ ብላችሁ ግንዷን ያዙና ነቅነቁ። አንገቷ ከተልፈሰፈሰ ጥቂት ቀን ታገሷት፤ ቀጥ ካለ ቁረጧት። እንዲህ ያሉት አበቦች የሚደክሙት ዘር ለማፍራት ነው። ዘራቸው ከበሰለ ሥራቸውን ጨርሰዋልና ማበብ ያቆማሉ። ከተቆረጡ ግን እንደገና ይሞክራሉ፤ በአንዱ ግንድ ፈንታ ሁለት ቅርንጫፍ ያወጣሉ። ለአበባ የሚሳሳ ሰው አበባውን የሚያጣው በስስቱ ነው።

ጎምፍሬናን ደግሞ ቅጠሏን አራግፌ፣ በትንንሹ አስሬ፣ ብርሃን በማይገባበትና ነፋስ በሚያገኘው ጥግ ቁልቁል እሰቅላታለሁ። ሁለት ሦስት ሳምንት ይበቃታል። ፀሐይ ካልመታት ቀለሟን ለወራት ትጠብቃለች፤ በዝናብ ወር የተገኘች በድርቅ ወር ትታያለች። እኛ ባንክ ቤት ይህን ቁጠባ እንለዋለን።

ከዝዋይና ከሆለታ የሚነሣው የአገራችን ጽጌረዳ በአውሮፕላን ወደ ሆላንድ ሲበር፣ እኛ ከባሕር ማዶ የመጣ ፕላስቲክ ገዝተን ቤታችንን እናስጌጣለን። በስሟ «አዲስ አበባ» የሆነች ዋና ከተማ ያለን ሰዎች ይህን እንዴት ቻልነው? ፕላስቲክ አይሞትም ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ የማይሞተው ግን ኖሮ ስለማያውቅ ነው። የደረቀችው አበባ ግን አንድ ጊዜ ዝናብ ዘንቦ እንደነበር ትመሰክራለች። ዝናብ ደጋግሞ በቀረበት አገር ይህ ትንሽ ምስክርነት አይደለም።

የፕላስቲኩን ጽጌረዳ ከጠረጴዛዬ አንሥቻለሁ። በቦታው አንድ ብርጭቆ የደረቀ ጎምፍሬና አለ። አዛውንቱ ሲመጡ በጣታቸው ነካ ያደርጉታል፤ ውኃ እንደማይጠጣም ያውቃሉ። ለአበባዬ አፍ ብሰጠው እንዲህ የሚል ይመስለኛል፦

በመቀስ ቢነኩኝ እጥፍ እሆናለሁ፣
ሳይነኩኝ ቢተዉኝ ዘርቼ አልቃለሁ፤
ውሰጂኝ ማለዳ፣ አስገቢኝ ወደ ቤት፣
ለደረቁ ወራት ልያዝልሽ ውበት።