ቀለሙ ተይዞ ጨው ሲያልፍ

በእንጦጦ ግርጌ በሽሮ ሜዳ በየሱቁ ደጃፍ ተሰቅሎ የሚታየው ነጠላና ቀሚስ ውበቱን የሚያገኘው ከጥለቱ ነው። ሸማኔው የጥለቱን ባለቀለም ክር አብዛኛውን ጊዜ የሚገዛው ተነክሮ፣ ታጥቦና ደርቆ ነው። ክሩ የታጠበበት ውኃ ግን ከክሩ ጋር ሽሮ ሜዳ አይደርስም፤ ማቅለሚያው ባለበት ቦታ ይቀራል፤ በሚገባ ካልተጣራም ወደ ወንዝ ይወርዳል። ከወንዙ በታች ደግሞ ጎመንና ካሮት በመስኖ የሚያለማው ገበሬ አለ። ከእንጦጦ ሥር የሚነሱት ጅረቶች ራሳቸው ከተማውን አቋርጠው ወደ አቃቂ፣ ከዚያም ወደ አባ ሳሙኤልና ወደ አዋሽ የሚወርዱ ናቸው። በአቃቂ ዳር የሚመረተው አትክልት ተመልሶ ለአዲስ አበባ ገበያ ስለሚቀርብ፣ የዚህ ውኃ ጉዳይ የገበሬውም የከተሜውም ጉዳይ ነው።

አንድ ፋብሪካ ዘመናዊ ማጣሪያ ማስገባቱ ሲነገር፣ ውኃውን በብርጭቆ ቀድቶ ወደ ብርሃን ማየት የተለመደ ነው። ቀለም ከሌለው «ጸድቷል» ይባላል። ይህ አስተያየት ለማሳ አደገኛ ነው። ዓይን ቀለምን እንጂ ጨውን አያይም። የገበሬ ማኅበር መሪዎች በተጣራ ውኃ ለመጠቀም ከመስማማታቸው በፊት ማጣሪያው ከምን እንደተሠራና ምን እንደሚያሳልፍ ሊጠይቁ የሚገባቸው ስለዚህ ነው።

ለማቅለሚያ ፍሳሽ ከሚያገለግሉት ማጣሪያዎች አንዱ ናኖፊልትሬሽን የሚባለው ነው። ስሙ የወጣለት በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1980ዎቹ ነው። ውኃው በፓምፕ ኃይል ተገፍቶ ሜምብሬን በሚባል ስስ ሽፋን ውስጥ እንዲያልፍ ይደረጋል። የሽፋኑ ቀዳዳ ስፋት ወደ አንድ ናኖሜትር ይጠጋል፤ ይኸውም የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ማለት ነው። ነገር ግን ነገሩን ከጤፍ ወንፊት ጋር ብቻ አመሳስሎ መተው ያሳስታል። ወንፊት የሚለየው በቀዳዳው ስፋት ብቻ ነው፤ ሜምብሬን ግን የተሠራበት ቅመምም ሥራ አለው።

ዛሬ በብዛት የሚሠራበት ሽፋን ፖሊአማይድ ይባላል፤ የናይሎን ዘመድ ነው። ከሚዘጋጅባቸው ቅመሞች አንዱ ፒፐራዚን ሲሆን፣ ይህን ስም በእንስሳት ጤና ሥራ ላይ ያሉ ሁሉ ያውቁታል፤ ለዶሮና ለአሳማ የሆድ ትል ማስወጫ የሚሰጠው መድኃኒት ነውና። ይህ ቅመም በውኃ ተሟሙቶ፣ በማይቀላቀለው ሌላ ፈሳሽ ውስጥ ካለ ሁለተኛ ቅመም ጋር ሲገናኝ፣ ሁለቱ በሚነካኩበት ድንበር ላይ ወዲያው ቆዳ ይረጋል። ወተት ሲቀዘቅዝ በላዩ የሚረጋውን ስልባቦት ያየ ሰው መልኩን ሊገምተው ይችላል። ሁለቱ ቅመሞች አጥብቀው ከተሳሰሩ ቆዳው ጠባብ ይሆናል፤ ብዙ ይይዛል፣ ውኃውንም በዝግታ ያሳልፋል፤ ለፓምፑም ብዙ ኃይል ይጠይቃል። ልል ከሆነ ውኃው በቀላሉ ይወርዳል፤ አብሮት የሚወርደውም ይበዛል።

ሳይተሳሰሩ የቀሩት የቅመሙ ጫፎች ደግሞ በውኃ ውስጥ ኔጌቲቭ የኤሌክትሪክ ሙል ይይዛሉ። ዋናው ምሥጢር እዚህ ላይ ነው። ተመሳሳይ ሙል ያላቸው ነገሮች ስለሚገፋፉ ሽፋኑ ኔጌቲቭ የሆነውን ሁሉ ወደ ኋላ ይመልሳል። ጥጥ የሚነከርባቸው አብዛኞቹ ማቅለሚያዎች ኔጌቲቭ ናቸው፤ ትልልቅም ስለሆኑ በሁለት በኩል ይታገዳሉ። በአንጻሩ ፖዚቲቭ ሙል ያለው ቀለም የመጣ እንደሆነ በሽፋኑ ላይ ተለጥፎ መተላለፊያውን ይደፍነዋል። ስለዚህ ለአንዱ ፋብሪካ የሠራው ሜምብሬን ለሌላው ላይሠራ ይችላል።

አሁን ወደ ጨው እንምጣ። ጥጥን ሪአክቲቭ በተባለው ቀለም ለመንከር በአንድ ሊትር ውኃ ከ30 እስከ 100 ግራም ጨው ሊጨመር ይችላል፤ ቀለሙን ወደ ክሩ የሚገፋው እርሱ ነው። ጨው ግን ሁሉ አንድ አይደለም። ሶዲየም ሰልፌት ከሆነ፣ ሰልፌቱ ድርብ ኔጌቲቭ ሙል ስላለው ሽፋኑ አብዛኛውን ይይዘዋል። ተራው የወጥ ጨው ከሆነ ግን ክሎራይዱ ትንሽና ባለ አንድ ሙል ስለሆነ፣ ልል በሆነ ሽፋን አብዛኛው ሾልኮ ያልፋል። ሶዲየሙም ብቻውን አይሄድም፤ ከአጃቢው ጋር ያልፋል ወይም ከአጃቢው ጋር ይቀራል። በዚያ ላይ ውኃው ጨው በበዛበት ቁጥር የሽፋኑ የመግፋት ኃይል ይደክማል። ውጤቱም እንደ ምንጭ የጠራ፣ ነገር ግን ጨዋማ የሆነ ውኃ ነው።

ይህ ውኃ ማሳ ሲገባ የመጀመሪያው ተጎጂ ካሮት፣ ቦሎቄና ሽንኩርት ናቸው። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ለመስኖ ባወጣው መመሪያ መሠረት፣ የጨው መለኪያው ከ0.7 ዴሲሲመንስ በሜትር በታች ያነበበ ውኃ ያለ ገደብ ሊያገለግል ይችላል፤ ከ3 በላይ ያነበበ ግን ከባድ ገደብ ያስፈልገዋል። የካሮትና የቦሎቄ ምርት 0.7 አካባቢ መቀነስ ሲጀምር፣ ቀይ ሥር እስከ 2.7 ድረስ ይታገሣል። ገበሬው አፈሩ እየከፋ ሲሄድ ወደ ቀይ ሥር ቢያዘነብል እንግዲህ አያስደንቅም። ከሁሉ የሚብሰው የሶዲየሙ ጉዳት ነው። እንደ አቃቂ ባለ ጥቁር የሸክላ አፈር ላይ ሶዲየም ሲከማች የአፈሩን ቅንጣት ይበታትነዋል፤ ሲረጥብ ይላቁጣል፣ ሲደርቅ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፤ ውኃም አያሰርግም። ይህንን ለማዳን ጂፕሰምና ብዙ ንጹሕ ውኃ ይጠይቃል፤ ሁለቱም ዋጋ ያስከፍላሉ።

የተሻለ መንገድ የለም ማለት አይደለም። በሐምሌ 2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ፍሳሹን አጣርቶ መልሶ እንዲጠቀምበት፣ ወደ ሐይቁም እንዳይለቅ ታስቦ የተሠራ ማጣሪያ አለው። በዚህ ዓይነቱ አሠራር የወጥ ጨውን ጭምር የሚይዝ፣ ከናኖፊልትሬሽን የጠበበ ሜምብሬን ያስፈልጋል። ወጪው ከፍተኛ ነው፤ ይሁን እንጂ ወጪውን ፋብሪካው ካልከፈለው አፈሩ ይከፍለዋል።

እንግዲህ ስምምነት ላይ የሚቀርቡ መሪዎች ማቅለሚያው በየትኛው ጨው እንደሚሠራ መጠየቅ፣ የጨው ልኬት በጽሑፍ እንዲሰጣቸውም ማድረግ ይችላሉ። መለኪያው በእጅ የሚያዝ ትንሽ መሣሪያ ነው፤ በግብርና ጽሕፈት ቤት በኩል ማስለካትም ይቻላል። ሜምብሬኑ በምን እንደሚታጠብም መታወቅ አለበት፤ ፖሊአማይድን ክሎሪን ይበላዋልና፣ በበረኪና ሲታጠብ የቆየ ሽፋን ቀለሙንም መያዝ ያቅተዋል። ደግሞም ሜምብሬን ቀለምን አያጠፋም፤ በአንድ ወገን ያጠራቅመዋል እንጂ። ያ የተጠራቀመው ወፍራም ፍሳሽ ወዴት እንደሚሄድ ያልተገለጸበት ስምምነት ጎደሎ ነው። ናሙናውም በሐምሌና በነሐሴ ወንዙ ሞልቶ ሁሉንም በሚያቀጥንበት ጊዜ ሳይሆን፣ በየካቲትና በመጋቢት ውኃው ቀንሶ መስኖው በሚበረታበት ወቅት፣ የማኅበሩ ተወካይ ባለበት ይወሰድ።