ልጁ ንባብ ሲከብደው

ልጁ ሲያነብ ይደናቀፋል። ሰነፍ ነው አትበሉ። ብዙ ጊዜ የቸገረው በአቅሙ የሚነበብ ነገር ነው። ከዛሪማ ተነስቶ መጽሐፍ ፍለጋ ሊማሊሞን መውጣትም ቀላል አይደለም።

በስማርት ስልክ ግን የልጆች ተረት በነጻ ይገኛል። አንዱ አፍሪካን ስቶሪቡክ ይባላል። በፈረንጆች 2014 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ተጀመረ። የአማርኛ ተረቶችም አሉት። ተረቶቹ ሥዕል አላቸው። በአምስት ደረጃ ተከፍለዋል። የመጀመሪያው ደረጃ ጥቂት ቃላት ብቻ ነው።

ደባርቅ ወይም ዳባት ለገበያ ስትሄዱ፣ ጥሩ ኔትወርክ ባለበት ቦታ ተረቶቹን ወደ ስልካችሁ አውርዱ። የማታውቁ ከሆነ መምህሩን ወይም የሰፈር ተማሪ ጠይቁ። የወረደው ተረት ቤት ውስጥ ያለ ኔትወርክ ይነበባል።

ከቀላሉ ጀምሩ። ማታ አብራችሁ ተቀመጡ። አንድ ገጽ እናንተ አንብቡ፤ አንድ ገጽ እሱ ያንብብ። ሲሳሳት አትቆጡት። ቃሉን አንብቡለት፤ እሱም ይድገመው። ያንኑ ተረት በማግስቱ መልሱት።

እናንተም ፊደል የቆጠራችሁት በቅርቡ ነው። እናንተ ስትደናቀፉ ካየ፣ እሱም መደናቀፍ አያሳፍረውም።

ጥያቄ፦ ዛሬ ማታ ከልጃችሁ ጋር ስንት ገጽ አነበባችሁ?