አኔሞኑን በባሕሩ ተዉት

ክቡር የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

ከዚህ በታች የጻፍሁት አሳብ ለአንባቢዎች ይጠቅማል ብለው የገመቱት እንደ ሆነ፥ በአንባቢያን ዓምድ እንዲያወጡልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

ባለፈው ሰሞን አንድ የቀድሞ የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ ቡና እየጠጣን ሳለ፥ «ልጅህ ከአሜሪካ ሲመጣ የጨው ውሃ ዓሣ ማኖሪያ ዕቃ እንዲያመጣልኝ ንገርልኝ፤ ያንን አበባ የሚመስለውን፥ ኔሞ የሚተኛበትንም እንዳይረሳ» አለኝ። ለልጆቹ ደስታ ብሎ ነው። እኔም በዚያች ደቂቃ አጥጋቢ መልስ ስላልሰጠሁት፥ ደግሞም እንደ እርሱ ያሰቡ ሌሎች ይኖራሉና፥ መልሴን በጋዜጣ ማቅረቡን መረጥሁ። መልሴም ባጭሩ፥ ዓሣውን በቤት ማኖር ይቻላል፤ አኔሞኑን ግን በባሕሩ ተዉት የሚል ነው።

ይህን የምለው በራሴ ስለ ደረሰብኝ ነው። በጡረታ ከተሰናበትሁ በኋላ፥ በሜሪላንድ ከሚኖረው ልጄ ዘንድ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ተቀምጬ ነበር። ልጄና ሚስቱ ጠዋት ወጥተው ማታ ስለሚመለሱ፥ የልጅ ልጄን የምጠብቃት እኔ ነበርሁ። ሕፃኒቱ እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣውን የኔሞን ፊልም አይታ፥ ብርቱካን የሚመስለው ባለ ነጭ ቀለበት ዓሣ ካልተገዛልኝ ብላ አለቀሰች። የልጅ ልጅ ልቅሶ የሚችል አያት የለምና፥ ልጄን ጎትጉቼ 110 ሊትር የሚይዝ አኳሪየም አስገዛሁት። ውሃውን በባሕር ጨው አዘጋጅተን፥ አሞኒያውን የሚለውጡት ባክቴሪያዎች እስኪራቡ ስድስት ሳምንት ጠበቅን። ከዚያም ክላውን የሚባሉትን ሁለት ዓሦች አስገባን። እነርሱም በደኅና ይበሉና ይዋኙ ጀመር።

በሦስተኛው ሳምንት ለዓሦቹ ምግብ ልንገዛ ስንሄድ ሻጩ፥ «ያለ አኔሞን እኮ ዓሣው ቤት እንደሌለው ሰው ነው» አለን። ይህ ቃል የሰውን ሆድ ያባባል። ገዝተን ተመለስን። ዓሦቹ ግን ቤታችሁ ነው የተባለውን ነገር አልተጠጉትም። አኔሞኑም የተቀመጠበትን ስፍራ አልወደደውምና በእግሩ እየተሳበ መዞር ያዘ። በአምስተኛው ሌሊት ፓምፑ ሳበውና በላው። ጠዋት ውሃው እንደ ወተት ነጥቶ፥ ዓሦቹ በጎናቸው ተንሳፈው አገኘናቸው። ሕፃኒቱ መስተዋቱን በጣቷ እየመታች፥ «አባባ፥ ለምን አይነሡም?» ብላ ጠየቀችኝ። በሥራ ዘመኔ ብዙ አስቸጋሪ ጥያቄ መልሻለሁ፤ ለዚህ ግን መልስ አላገኘሁለትም።

ከዚያ በኋላ ነው ነገሩን አጥብቄ የመረመርሁት። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ ይባል የለ! አኔሞን ሲያዩት አበባ ይምሰል እንጂ እንስሳ ነው። በክሮቹ እየነደፈ ትንንሽ ፍጥረት ይበላል። ከዚህም ሌላ በሥጋው ውስጥ አልጌ የሚባሉ ረቂቅ ፍጥረቶች ይኖራሉ፤ እነርሱም ከብርሃን ምግብ እየሠሩ ያካፍሉታል። ስለዚህ ብርቱ ብርሃን ያላገኘ አኔሞን ቢያበሉትም ቀስ በቀስ እየነጣና እየኰሰመነ ይሄዳል። ክላውን የሚባሉት ዓሦች 30 ያህል ዓይነት ሲሆኑ፥ የሚጠለሉባቸው አኔሞኖች ግን ወደ 10 ዓይነት ብቻ ናቸው።

በባሕር ውስጥ የሁለቱ ጉርብትና እውነተኛ ጥቅም አለው። ዓሣውን ገላው ላይ ያለው ልጋግ ከንድፊያው ስለሚጠብቀው፥ በክሮቹ መካከል ገብቶ ከጠላት ያመልጣል። በፈንታውም አኔሞኑን ሊበሉ የሚመጡትን ያባርርለታል፤ ከገላው የሚወጣውም ቆሻሻ ለአልጌዎቹ ማዳበሪያ ይሆናል። በመስተዋት ሣጥን ውስጥ ግን ዓሣውን የሚያሳድደው ጠላት ማን ነው? ጠላት በሌለበት ምሽግ አያሻውም። በሰው እጅ ተፈልፍሎ ያደገው ዓሣ ደግሞ አኔሞን አይቶም አያውቅ። እንግዲያውስ አኔሞኑን የምናመጣው ለዓሣው ብለን ሳይሆን ለዓይናችን ብለን ነው።

አኔሞን ዕድሜው ምን ያህል ነው የሚል ቢኖር አንድ ምስክር ልጥቀስ። በስኮትላንድ አገር ሰር ጆን ዳልየል የተባሉ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1828 ከባሕር ዳርቻ አንድ አኔሞን ወስደው በብርጭቆ ውስጥ አኖሩ። እርሳቸው በ1851 ሲሞቱ አኔሞኑ ግን ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ በኤድንበርግ እስከ 1887 ድረስ ኖረ። ይህ ክላውን ዓሣ የሚጠለልበት ዓይነት አልነበረም፤ የቀዝቃዛ ባሕር ነው። ነገር ግን ጠባዩን አውቆ ለያዘው ሰው ይህ ፍጥረት ጌታውን ቀብሮ የሚተርፍ መሆኑን ያስረዳል። እኛ ቤት የኖረው አምስት ሌሊት ነው።

በእርግጥ አኔሞንን ለብዙ ዓመት በደኅና የያዙ ሰዎች አሉ። አንዳንዱ ዓይነትም በበሰለ አኳሪየም ውስጥ ለሁለት እየተከፈለ ይራባል። እኒህ ሰዎች ግን አንድ ዓመት ያህል የቆየ ውሃ፥ ብርቱ መብራት፥ አፉ በወንፊት የተሸፈነ ፓምፕ፥ በሊትር 35 ግራም ያህል የማይዋዥቅ ጨው ያላቸው ናቸው። ወዳጄ ደግሞ ሊሞክረው ያሰበው በአዲስ አበባ ነው። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስላለች፥ በውሃ የሚሟሟው ኦክሲጅን በባሕር ጠረፍ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፤ ውሃው ግን ከ25 ዲግሪ ብዙ መራቅ የለበትም። መብራት በጠፋ ጊዜ ፓምፑም ማሞቂያውም አብረው ይቆማሉ። ለልጆች ደስታ የተገዛ ነገር ለልጆች ኀዘን እንዳይሆን ያሠጋል።

ሌላም ምክንያት አለ። ዓሦቹን በቤት ማራባት ከተለመደ ቆይቷል፤ ለገበያ የሚቀርበው አኔሞን ግን አብዛኛውን ጊዜ ከባሕር የሚለቀም ነው። ባሕሩም ቢሆን ዛሬ ትርፍ የለውም። በጎረቤታችን በቀይ ባሕር ሁለት ነጭ ቀለበት ያለው የራሱ ክላውን ዓሣ ይኖራል። እ.ኤ.አ. በ2023 የባሕሩ ውሃ ከልክ በላይ በሞቀ ጊዜ፥ በሳዑዲ ዓረቢያ ጠረፍ በተጠኑ ሪፎች አኔሞኖቹ ነጥተው፥ አብዛኞቹ ከነዓሦቻቸው አልቀዋል። ሙቀቱ ካተረፈው ላይ እኛ ለሳሎናችን ጌጥ ብለን ልንቀንስ አይገባም።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው። ዓሣ የሚገዛ ሰው ሻጩን በቅድሚያ «የት ተፈለፈለ?» ብሎ ይጠይቅ። በሰው እጅ ከተፈለፈሉት ሁለት ትንንሾች ቢያስገባ በቂ ነው፤ ሁሉም ሲፈለፈሉ ወንድ ሆነው በኋላ አውራ የሆነው ወደ ሴትነት ይለወጣልና፥ ባልና ሚስትነቱን እነርሱው ያበጁታል። ቤት ያስፈልጋቸዋል ለሚል ደግሞ፥ ቀለም ያልተቀባ፥ ዘይት ያልነካው የሸክላ ዕቃ ይበቃል። ዓሣ አራቢዎችም ለዕንቁላላቸው የሚያስቀምጡላቸው ይህንኑ ነው።

ልጄ ከአንድ ዓመት በኋላ እንደ ገና ሲጀምር፥ ከዚህ ከአዲስ አበባ አንዲት ትንሽ የሸክላ ድስት በሰው ላክሁለት። የልጅ ልጄ በስልክ እንደ ነገረችኝ፥ ሁለቱ ዓሦች ማታ ማታ በድስቷ ውስጥ ይተኛሉ፤ በቀደም ዕለትም በጎኗ ላይ ዕንቁላል ጥለው ወንዱ በክንፉ ሲያራግብላቸው አይታለች። ወዳጄም ከልጄ እጅ የሚጠብቀው ዕቃ ካለ፥ አኔሞኑን ከዝርዝሩ እንዲሰርዝልኝ በወንድምነት አሳስበዋለሁ። ድስቷን እዚሁ ከገበያ እኔ እገዛለታለሁ።

ከማክበር ሰላምታ ጋር፤
አንድ ጡረተኛ የመንግሥት ሠራተኛ
አዲስ አበባ