የተከልነውን ቆጠርን፤ የሚደርቀውንስ ማን ይቁጠር?

ርእሰ አንቀጽ

ባለፈው ዓመት ከመኝታ ቤቶቻችን በስተጀርባ ያለው የፈረንጅ ጥድ አጥር ከጫፉ ጀምሮ እየቀላ መጣ። ቀጥሎም ቅርንጫፎቹ ደረቁ፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ከዳር እስከ ዳር ማገዶ ሆነ። ጉዳዩ የሚመለከተው ክፍል ሠራተኞች ልኮ አስቆረጠው፤ እንጨቱም ተሸጠ፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ በዚያው ቦታ ያንኑ የፈረንጅ ጥድ አስተከለ። አጥሩን የገደለው ተባይ ይሁን በሽታ ወይስ የውሃ እጥረት፣ አንድም ሰው አልጠየቀም፤ እስከ ዛሬም የሚያውቅ የለም። እኛም አልጠየቅንም። በየቀኑ በአጠገቡ እያለፍን ወደ ክፍል የምንሄደው እኛ ነበርን፤ ከመካከላችንም የዕፀዋትና የደን ትምህርት የሚከታተሉ ነበሩ። ስለዚህ ወቀሳውን ከራሳችን እንጀምራለን።

በዩናይትድ ስቴትስ በልዩ ልዩ ግዛቶች የደን መሥሪያ ቤቶች ውስጥ «የደን ጤና ባለሙያ» የሚባል የሥራ መደብ አለ። የዚህ ሰው ሥራ መትከልም መቁረጥም አይደለም፤ ዋናው ሥራው ማየት ነው። በሞቃቱ ወራት በትንሽ አውሮፕላን ከደኑ በላይ እየተዘዋወረ ቅጠሉ የቀላበትን፣ የሳሳበትንና የረገፈበትን ሥፍራ በካርታ ላይ ያሰፍራል። ከዚያም በእግሩ ገብቶ የዛፉን ቅርፊት እየላጠ ይመረምራል፤ ለነፍሳት ወጥመድ ይሰቅላል፤ ናሙና ወደ ላቦራቶሪ ይልካል። ባለ ደኑ ገበሬ «ዛፌ ታመመብኝ» ብሎ ሲጠራውም ሄዶ ያይለታል። ይህ ሥራ በደንብ ሲሠራ ለዓይን የሚሞላ ውጤት የለውም። ደኑ እንደ ትናንቱ ቆሞ ይታያል እንጂ ሪባን የሚቆረጥለት ነገር አይገኝም። ሥራው ለሹመትና ለምስጋና የማይመቸውም ለዚህ ነው።

ይሁን እንጂ ማየት ሲዘገይ ምን እንደሚከተል የሚሺጋን ግዛት ታሪክ ያስተምረናል። እ.ኤ.አ. በ2002 በዲትሮይት ከተማ አካባቢ አሽ የሚባለውን ዛፍ የሚገድል፣ ከምሥራቅ እስያ የመጣ አረንጓዴ ጢንዚዛ ተገኘ። የገባው በዕቃ ማሸጊያ እንጨት ሳይሆን እንደማይቀር ይታመናል። እጩ ከቅርፊቱ ሥር እየተጠማዘዘ ሲበላ ውሃና ምግብ የሚተላለፍበትን መንገድ ይቆርጠዋል። የደረቁት ዛፎች ዓመታዊ ቀለበት በኋላ ሲመረመር ጢንዚዛው ከመታወቁ በፊት ለዓመታት ሲገድል እንደቆየ ተረጋገጠ። ዛፎቹ መሳሳታቸው አስቀድሞ ታይቶ ነበር፤ ነገር ግን ምክንያቱ ሌላ የታወቀ በሽታ ነው ተብሎ ታለፈ። በዚህ መካከል ሰዎች ማገዶና ችግኝ ከቦታ ወደ ቦታ ሲያጓጉዙ ጢንዚዛውም አብሮ ተጓዘ፤ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ዛፎችም ጠፉ። ባለሙያ፣ ላቦራቶሪና አውሮፕላን ባለበት አገር እንዲህ ከሆነ፣ ጠያቂ በሌለበት አገር ምን ሊሆን ነው?

«ይህ የሩቅ አገር ወሬ ነው» የሚለን ቢኖር ወደ ቅርቡ እንምጣ። የፈረንጅ ጥድን የሚያደርቀው ክሽክሽ እ.ኤ.አ. በ1986 በማላዊ ታየ፤ በ1990 ኬንያ ደረሰ፤ በኋላም ወደ አገራችን ገባ። በማላዊና በኬንያ ክሽክሹን ከውስጡ የምትበላ ጥቃቅን ተርብ ከአውሮፓ አስመጥተው በመልቀቅ ጉዳቱን ለመቀነስ የቻሉት በመጀመሪያ የጠላታቸውን ማንነት ስላወቁ ነው። የባሕር ዛፍን ቅጠልና ለጋ ግንድ የሚያሳብጠው ትንሽ ተርብም እ.ኤ.አ. በ2000 በመካከለኛው ምሥራቅ ከታየ ወዲህ እኛ ዘንድ ደርሷል። ባሕር ዛፍና የፈረንጅ ጥድ ደግሞ የብዙ ገበሬ ጎጆ፣ ማገዶና የክፉ ቀን ገንዘብ ናቸው። የሐበሻ ጥዳችንም የፈረንጁ ጥድ ዘመድ እንደ ሆነ አንዘንጋ።

ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ353 ሚሊዮን በላይ ችግኝ እንደተተከለ ተነግሯል። እኛም በየክረምቱ አካፋ ይዘን ወጥተናል፤ ፎቶግራፍም ተነሥተናል። መትከሉን አንነቅፍም፤ ራቁቱን ለቀረ ተራራ ችግኝ ያስፈልገዋል። የምንነቅፈው ቁጥሩ በተከላው ዕለት ማለቁን ነው። ከእኛ ቀደም ብለው ተመርቀው በክልል መሥሪያ ቤቶች የተቀጠሩ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን እንደሚነግሩን፣ በወረቀት ላይ የደን ጥበቃ ባለሙያ ተብለው በተግባር ግን የችግኝ ቁጥር ሲደምሩ ይውላሉ። ወደ ጫካ ለመውጣት ተሽከርካሪም የውሎ አበልም የለም። ወጥቶ «ይህን ያህሉ ደርቋል» ብሎ የጻፈ ደግሞ እንደ ሟርተኛ ይታያል። «አገሪቱ ድኻ ናት፤ አስቀድመን እንትከል፤ ሕክምናው ይደርሳል» የሚለውን ክርክር ሰምተናል። ለእኛ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ይመስለናል፤ አንድን ጉድጓድ ሁለት ጊዜ ለመቆፈር አቅም የሌለው ድኻው ነውና።

ስለዚህ የምንጠይቀው ሦስት ነገር ነው። መምህሮቻችን የታመመ ዛፍ ምርመራን ከጥቁር ሰሌዳ አውርደው በግቢያችን ዛፎች ላይ እንዲያስተምሩን እንለምናለን። የክልል መሥሪያ ቤቶች ለደን ጤና የተቀጠረውን ሰው ከጠረጴዛው አስነሥተው ወደ ደኑ እንዲልኩት፣ መጥፎ ዜና ይዞ ሲመለስም እንዲያመሰግኑት እንጠይቃለን። ሦስተኛው የራሳችን ግዴታ ነው። ማኅበራችን ባለፉት ክረምቶች ችግኝ ወደ ተከለባቸው ሥፍራዎች ደብተርና እርሳስ ይዞ ይመለስ፤ የጸደቀውንና የደረቀውን ለይቶ ይቁጠር፤ የደረቀውም ለምን እንደ ደረቀ ይጠይቅ። ውጤቱ ቢያሳፍረንም እንኳ በዚህ ጋዜጣ ይታተም።

አዲሱ የጥድ አጥር አሁን ጉልበት ደርሷል። ዛሬ ወደ ክፍል ስንሄድ ቆም ብለን ጫፉን እንመልከተው።