ማሳሰቢያ፦ የፍሬን ዘይት ዘይት አይደለም

ለአሮጌ መኪና ባለቤቶች፣ ለመካኒኮችና ለሚመለከታቸው የመንግሥት አካላት

በኮልፌ ቀራንዮ፣ ከአጠና ተራ እስከ አየር ጤና፣ ጋራዥ በር ላይ ቮልስ፣ ላዳ ወይም ዲኤክስ ቆሞ ማየት ብርቅ አይደለም። ከ2012ቱ የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በኋላ፣ ይልቁንም በ2016 የቤንዚንና የናፍታ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ፣ አሮጌውን ጠግኖ መንዳት የብዙ ሰው ምርጫ ሆኗል። ይህ አይነቀፍም። የሚያሳስበን ፍሬኑ ሲጠገን የሚቀባው ነገር ነው።

ስሙ ሳያሳስተን አልቀረም። «የፍሬን ዘይት» እንላለን እንጂ በአብዛኞቹ መኪኖች ውስጥ ያለው ፈሳሽ ከግላይኮል የሚሠራ ነው፤ ከሞተር ዘይት ጋር ዝምድና የለውም። በፖምፓውና በየጎማው ሲሊንደር ውስጥ ያለው ጎሚኒም የተሠራው ለዚሁ ፈሳሽ ነው። የሞተር ዘይት፣ የካምቢዮ ዘይት፣ ተራ ግሪስ ወይም ናፍታ ከነካው ያብጣል፤ ይልማል።

ያላመነ ይሞክረው። ሁለት አሮጌ ጎሚኒ ወስዶ አንዱን በፍሬን ዘይት፣ ሌላውን በሞተር ዘይት ይዘፍዝፍና ሳምንት ይጠብቅ። ከዚያ ሁለቱንም ወደ ሲሊንደሩ ለመመለስ ይሞክር። አንዱ እንደ ወትሮው ይገባል። ሌላው ወፍሮ አፉ ላይ ይቀራል።

ነገሩን የሚያከፋው ጉዳቱ ወዲያው አለመታየቱ ነው። መኪናው ከጋራዥ ሲወጣ ፔዳሉ ደህና ነው፤ ባለቤቱም ከፍሎ፣ አመስግኖ ይሄዳል። ውሎ አድሮ ያበጠው ጎሚኒ በፖምፓው ውስጥ የፈሳሹን መመለሻ ቀዳዳ ይዘጋል። እግር ከፔዳል ቢነሣም ፍሬኑ አይለቅም፤ ሸራው ታምቡሩን እየፈተገ ይግላል፤ ፈሳሹ ይፈላል፤ እንፋሎቱ ሲረገጥ ስለሚታመቅም ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይሰምጣል። ይህ ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ ሲወረድ የሚደርስ ቢሆንስ? እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) በተሠሩ ቮልሶች ላይ ደግሞ የፍሬኑ መስመር አንድ ብቻ ነው። የአንዱ ጎማ ጎሚኒ ካፈሰሰ አራቱም ጎማ ፍሬን ያጣል። የእጅ ፍሬን ይቀራል፤ እሱም ሽቦው ደህና ከሆነ።

ጎሚኒና ፒስቶን ሲገጠም የሚቀባው ንጹሕ የፍሬን ዘይት ወይም ለፍሬን ጎሚኒ ተብሎ የተዘጋጀ ግሪስ ነው። ጎሚኒ በቤንዚን አይታጠብም፤ በፍሬን ዘይት ወይም በአልኮል እንጂ። ብረት ከብረት የሚፋተግባቸው፣ ሸራው የሚያርፍባቸው ነጥቦች ሙቀት የሚችል ግሪስ ይፈልጋሉ፤ ያውም በስሱ። ከበዛ ቀልጦ ሸራው ላይ ይደርሳል። ፍሬን ሲያፏጭ ሸራው ላይ ዘይት ጠብ ማድረግ ግን (ሲደረግ አይተናል) ጩኸቱን ከነፍሬኑ ማጥፋት ነው።

በሃይላንድ የተቀዳ የፍሬን ዘይት አትግዙ። ምን እንደሆነ አይታወቅም፤ እውነተኛው ቢሆን እንኳ ክዳኑ ተከፍቶ የከረመ ፈሳሽ ከአየር እርጥበት ይጠጣል። አዲስ ሳለ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ የሚቆየው ዶት 3፣ እርጥበት ከጠጣ በ140 ዲግሪ አካባቢ ሊፈላ ይችላል።

ተቆጣጣሪዎች ሆይ፣ በዓመታዊው ምርመራ መሣሪያው የፍሬኑን ጉልበት ይለካል፤ ጎሚኒው በምን እንደተቀባ አያይም። ዛሬ ቦሎ የተለጠፈለት መኪና በሳምንቱ ፍሬን ሊያጣ ይችላል። መርማሪዎቻችሁ የፈሳሹን ቋት ከፍተው የክዳኑን ጎሚኒ ይዩ። እሱ አብጦ ከተገኘ፣ የውስጦቹም ሳያብጡ አልቀሩምና መኪናው አይለፍ። ምልክት የሌለው ፈሳሽ ከመደርደሪያ እንዲነሣ ማድረግም የእናንተ ድርሻ ነው።

ስሕተቱ አስቀድሞ ከተፈጸመ ፈሳሹን አፍስሶ በአዲስ መተካት ብቻውን አይበቃም። መስመሩ ታጥቦ፣ ከፖምፓው እስከ መጨረሻው ጎማ ያለው ጎሚኒ ሁሉ ይለወጥ። እስከዚያ መኪናውን አትንዱ፤ ጋራዥም ቢሆን ተጭኖ ይሂድ።