«ሰፐረም» ወይስ «ሰበረም»?

ወልቂጤ ውስጥ እንዲህ ያለ ቤት ብዙ ነው፤ አባት ቸሃ፣ እናት እዣ፣ ልጆች አማርኛ። ባልና ሚስት በየራሳቸው ጉራግኛ ያወራሉ፣ ይግባባሉም። ልጁ ሲመጣ ግን ሁለቱም ወደ አማርኛ ይዞራሉ። ለምን ሲባሉ «የማንኛችንን ይማር? እንዳይምታታበት ብለን ነው» ይላሉ። ለመስቀል አገር ቤት ሲገቡ ታዲያ አያት ሲያወሩ ልጅ አፋቸውን ያያል፤ በገዛ ቤተሰቡ መካከል አስተርጓሚ ይፈለግለታል።

ሐሳባቸው ክፉ አይደለም፤ ግን የሚፈሩት ልዩነት ምን ያህል ነው? «ሰበረ» ለማለት የእዣ ሰው «ሰበረም» ይላል፣ «በ»ን አጥብቆ። ቸሃ አያጠብቅም፤ በማጥበቅ ፈንታ ድምፁን ለውጦ «ሰፐረም» ይላል። «ይሰብራል» ለማለት ሲፈልግ ደግሞ ያቺው «በ» ላላ ብላ ትመለሳለች። ሁለት ቃል ሳይሆን አንድ ቃል በሁለት ሕግ ነው። ሁለቱንም በየቀኑ የሚሰማ ልጅ ማንም ሳያስረዳው ይለየዋል። (በከተማው ዙሪያ የሚነገረው ቀቤንኛ ከሆነ አዎ፣ ከኩሽ ወገን ስለሆነ ጨርሶ ሌላ ቋንቋ ነው። እሱንም ገበያ ላይ የሚለምዱ ልጆች አሉ።)

ልጁ ሳይሰማ ካደገ በኋላ የሚከብደው ሌላ ነው። በአማርኛ «መታ» የሚለውን ማን እንደመታ ሳንጠራ ልንናገር ስንፈልግ ከፊቱ «ተ» ጨምረን «ተመታ» እንላለን። ቸሃ ከፊት ምንም ሳይጨምር ከንፈሩን ያሞጠሙጣል። «ደነገም» መታ ነው፤ «ደነጒም» ተመታ። «ነከሰም» ነከሰ፤ «ነኰሺም» ተነከሰ። «ከፈተም» ከፈተ ሲሆን፣ ሲከፈት ግን «ተ» ወደ «ቸ» ትዞርና የከንፈሩ ሥራ መሐል ላይ ባለችው «ፈ» ላይ ያርፋል፤ «ከᎈቺም»። ከንፈር የሚያሞጠሙጠው በቃሉ ውስጥ ይህን ከሚቀበሉት ድምፆች በመጨረሻው ላይ ነው። እንዲህ ያለውን ሕግ ለአዋቂ ማስተማር መከራ ነው፤ ሕፃን ግን ጡት እየጠባ ይይዘዋል።

ሴትና ወንድ ሲታዘዙም እንዲሁ። «ታገስ»ን ለሴት «ታገሺ» እንላለን። በቸሃ ለወንድ «ፍረኽ» የሚባለው ለሴት «ፍረⷕ» ይሆናል፤ የመጨረሻዋ ድምፅ ውስጥ «ይ» ተደብቃ፣ አናባቢ ሳይከተላት። በአማርኛ ያደገ ጆሮ ብዙ ጊዜ ልዩነቱን ስለማይሰማ እህቱን እንደ ወንድሙ ያዛታል።

የአማርኛ ፊደል እነዚህን ድምፆች ሁሉ አይችላቸውም። ቧንቧ፣ ሟች፣ ፏፏቴ የሚጽፍልን «ቧ፣ ሟ፣ ፏ» አለን፤ ለ«ከᎈቺም» መሐል ላለው ድምፅ ግን ሌላ ፊደል አስፈለገ። ተጨማሪዎቹ የጉራግኛ ፊደላት ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የኮምፒዩተር የፊደላት ሰንጠረዥ ውስጥ የገቡት እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። ከዚያ በፊት ወልፍ ሌስላው ባለ3 ቅጽ የጉራግኛ የቃላት አመጣጥ መዝገበ ቃላታቸውን እ.ኤ.አ. በ1979 አሳትመዋል። እነዚህ የቸሃ ግሦች በውጭ ዩኒቨርሲቲዎች የድምፅ ትምህርት ላይ እንደ ምሳሌ ይቀርባሉ። የባሕር ማዶ ተማሪ የሚያጠናውን «ደነጒም» የወልቂጤ ልጅ ሳያውቀው ሲያድግ ያስቆጫል።

ስለዚህ አባት በቸሃው፣ እናት በእዣዋ ይቀጥሉ፤ ልጁ ሲደርስ ቋንቋ አይቀይሩ። እሱ በአማርኛ ቢመልስም አይቆጡት፤ መስማቱ ራሱ ትምህርት ነው። ለመስቀል ስትገቡ አያትን ስለ እንሰት አፋፋቅ ጠይቋቸውና በስልካችሁ ቅዱ፤ ሥራውን ሲያስረዱ ግሡ ሁሉ በየመልኩ ይመጣል። አያቶችም ልጁ ከንፈሩን ማሞጥሞጡን ቢረሳ እባካችሁ አትሳቁበት። አንዴ የተሳቀበት ልጅ በሚቀጥለው ዓመት ሰላምታውንም በአማርኛ ነው የሚያቀርበው።